እየበላ የሚቀልለው ልጅ

ማርዴል ኩቢቼክ ሰው አታምንም። ሐሜት አይደለም፤ ራሷን ብትጠይቋት አትክድም። ሥራዋ ሚዛን ነው። በሊንድ ክሪክ የገበሬዎች ማኅበር የእህል ጎተራ በር ላይ፣ በመስታወት በተከበበች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በቆሎ የጫነውን መኪና ሲገባ ትመዝነዋለች፤ አራግፎ ሲወጣ ደግሞ ባዶውን ትመዝነዋለች። ልዩነቱ እህሉ ነው፤ ገበሬው የሚከፈለውም በሱ ነው። እዚያች ወንበር ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሰው የማያየው ተንኮል የለም። ሲገባ አማቱን ጎኑ አስቀምጦ፣ ሲወጣ ከጎተራው ጀርባ ብርድ ላይ አቁሟት የሚመዘን አለ። በረዶውን ከነጭቃው ተሸክሞ ገብቶ፣ አራግፎ የሚወጣም አለ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቷ ተቀምጠው የሚዘምሩት እነዚሁ ናቸው። «ሚዛን አይዋሽም፤ የሚዋሸው ላዩ ላይ የወጣው ነው» ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለሌላው ተረት ነው፤ ለሷ የሥራ መመሪያ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ቤት ውስጥ፣ የገዛ ልጇ እየበላ መቅለል ጀመረ።

ኮርቢን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ገና ሳያውቀው ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ነብራስካ ተሻግሮ እዚያው ቀርቷል፤ ያደገው በእናቱና በእናቱ አባት በኦርቪል እጅ ነው። ለትምህርት ቤቱ ይታገላል። በነሱ ግዛት በአዮዋ በረዶው ከወረደ ሌላ ወሬ የለም፤ ወሬው ትግል ነው፣ ትግል ደግሞ በሚዛን ነው። በተመደበበት ክብደት ያልገባ ልጅ አንበሳም ቢሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲታገል ያያል። ኮርቢን የሚታገለው በመቶ ሃያ ስድስት ፓውንድ ነው፣ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ገደማ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ቦታዎች የያዙት የሚነቀሉ አይደሉም። ችግሩ ልጁ በመሃል አደገ። ሱሪው አጠረ፣ ትከሻው ሰፋ፤ ቁጥሩ ግን መቶ ሃያ ስድስት ሆኖ ቀረ።

ክብደት መቀነስ ለማርዴል አዲስ ነገር አይደለም። አባቷ በጎረምሳነታቸው ታግለዋል፤ ፎቷቸው ዛሬም ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ አለ፣ ጉንጫቸው ገብቶ ዓይናቸው ብቻ የቀረ። ወንድሞቿም ታግለዋል። ክብደት የሚቀንስ ልጅ ምን እንደሚመስል ስለዚህ ታውቃለች። ሹራብ በሹራብ ደርቦ ይሮጣል። ማስቲካ እያኘከ ጠርሙስ ውስጥ ይተፋል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ዶሮውንም አይቡንም አንድ በአንድ አይቶ ይዘጋዋል። ቴሌቪዥን ላይ የሚያየው ምግብ ሲሠራ ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እዚያ ቤት ነው የሚታየው፤ ቧንቧው እየፈሰሰ ልጁ በረዶ ይልሳል። ደግሞም ይነጫነጫል፣ «ደህና አደርክ» ቢሉት ይቆጣል። ይሄ ሁሉ ደግ ነገር ባይሆንም የታወቀ ነገር ነው፣ አያስጠረጥርም።

ያስጠረጠራት የገናው በዓል ካለፈ በኋላ የመጣው ነው። አንድ ማታ ኮርቢን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እማ፣ ለኔም አውጪልኝ» አለ። የአሳማ ጥብስ ነበር፣ ከተፈጨ ድንች ጋር። በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ማርዴል ደስ ብሏት የራሷን ግማሽ ጨመረችለት፤ አያቱም «ብላ፣ ብላ» እያሉ ከፊቱ ተቀምጠው አዩት። በነጋታው መታጠቢያ ቤት ገባች። ኮርቢን እንደ ልማዱ የጠዋት ክብደቱን መስታወቱ ላይ በሳሙና ጽፎታል። ቀንሷል።

ቆማ አየችው። የበላው የት ገባ? ማርዴል በሕይወቷ፣ ጭኖ የገባ መኪና ሳያራግፍ ቀልሎ ሲወጣ አላየችም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ማስመለስን ነው። የልብስ ቅርጫት በጉልበቷ ደግፋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ጆሮዋን ትጥላለች። የምትሰማው ሽንት ነው። ከዚያ ውሃ ሲለቀቅ ትሰማለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሽንት። «የውሃውን ድምፅ ለመሸፈኛ ነው የሚለቀው» አለች በሆዷ፤ የሰማችውን ትታ ያልሰማችውን ፈለገች። ጠርጣራ ሰው እንዲህ ነው፤ ከፊቱ የቆመውን አልፎ ጓሮ ይፈትሻል።

ቀጥላ ቦርሳውን ፈተሸች። የሚተፋበት ጠርሙስ፣ የሸተተ ፎጣ፣ ያልተሠራ የሂሳብ ወረቀት። እጇ የመጽሐፍ ገጽ እያገላበጠ ሳለ ልጁ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ካልሲ እየሰበሰብኩ ነው።»

«ከመጽሐፍ ውስጥ?»

«አንተ ካልሲ የማትጥልበት ቦታ አለ?»

ሳቀ፤ ሲስቅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ወጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ሊያነሳ ሲል ባቱን ያዘውና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጡንቻው ተኮማትሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እያሸች አፈታታችለት። ሲነሳ የበሩን ጠርዝ ይዞ ትንሽ ቆመ፤ አዙሮታል። «ምንም አይደል» አለ። ማርዴል «ምንም አይደል» የሚለውን ቃል ከነዚያ ከገበሬዎቹ ጠግባዋለች። ወንድሞቿ በሚታገሉበት ዘመን ከጎረቤት መንደር አንድ ልጅ ላብ እንዲወጣው በላስቲክ ልብስ ሲሮጥ ወድቆ አልተነሳም፤ ልቡ ነው የቆመው። እናቱ እስከ ዛሬ ገበያ ስትወጣ ሰው መንገድ ይለቅላታል። ማርዴል የምትፈራው ይህንን ነው፤ ሌላ ምንም አትፈራም። የወረዳው ውድድር ቅዳሜ ነው። ማስመለስ ካልሆነ የሚውጠው ነገር አለ፤ ልጇ ቅዳሜ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ አለባት።

አሰልጣኙ ዘንድ ሄደች። ዱዌይን ሆልስት አብሯት የተማረ ነው።

«ዱዌይን፣ ልጄን ምን እየሰጠኸው ነው?»

«እኔ ቁጣ ነው የምሰጠው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ማርዴል፣ ያ ዘመን አለፈ። የላስቲክ ልብስ ክልክል ነው፣ ምራቅ መትፋት እንኳ ክልክል ነው። ክኒን የሰጠ አሰልጣኝ ሥራውን ያጣል። አራት ልጅ አለኝ እኮ።»

«ሥራውን እንዳያጣ ደብቆ የሚሰጥም አለ።»

«አንቺ ከድሮም እንዲህ ነሽ። እርሳስሽ የጠፋ ጊዜ የመምህሯን ቦርሳ ነበር የፈተሽሽው።»

«እርሳሱ እዚያ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ዱዌይን ቀስ ብሎ፣ «እኔም ተገርሜያለሁ» አለ። «እንዲህ በቀላሉ ይወርዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ጎበዝ ሆነ ብዬ ነው የተውኩት።» ማርዴል ይህን ሰምታ ይበልጥ ፈራች። ጎበዝ ሆነ ብለው የሚተዉት ነገር ነው ሰው የሚገድለው።

የቀራት አንድ የምታምነው ሰው ነበር። አባቷ ኦርቪል ቤት ነው የሚውሉት። ልባቸው ደክሟል፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ሐኪሙ የሚያሸና ክኒን ሰጥቷቸዋል፤ ካልዋጡት ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባቸው ይሞላል። ስለዚህ በየጠዋቱ እንዲመዘኑ ታዘዋል፤ ድንገት ከጨመሩ ሐኪም ቤት ይደወላል። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሚዛን ነው የሚመዘኑት፣ ሽማግሌው ቀድመው፣ ልጁ ተከትሎ። ሽማግሌው ከመታጠቢያ ቤቱ ሆነው በተዘጋው በር ይጣራሉ፤ «መቶ ሰባ አራት። ያው ነው።» ማርዴል ቁርስ እየሠራች «ጎሽ፣ አባዬ» ትላለች። ክኒኑን ራሷ ናት እሁድ እሁድ የሰባቱ ቀን ስም ባለበት ሳጥን የምትሞላው፤ ማታ ስታይ የቀኑ ክፍል ባዶ ነው። በዚህ በኩል ሐሳብ አልነበራትም።

ሽማግሌው አመለኛ ሆነዋል እንጂ። ፍራሹ ወገቤን ጎዳኝ ብለው የሚተኙት ሳሎን፣ በተንጋለለው ወንበር ላይ ነው። ቦት ጫማቸው በር ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሷል፤ በነጠላ ጫማ፣ በወፍራም ካልሲ ይውላሉ። «በዚህ ብርድ ማን ሊያየኝ ነው የምዋበው?» ይላሉ። እርጅና ነው፣ ብርድ ነው፣ ምን ይደረግ።

«አባዬ» አለቻቸው። «ልጁን ጠብቅልኝ። የሚውጠው ነገር አለ። ካየህ ንገረኝ፣ ከሱ ጋር አትመሳጠር።»

«ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቅልም» አሉ። ከዚያ፣ «ግን ምን አስጠረጠረሽ? ልጁ እየበላልሽ አይደል? ሲበላ ደስ አይልሽም?»

«ይለኛል። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ኦርቪል ብርድ ልብሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና በመስኮቱ በረዶውን ማየት ጀመሩ። ማርዴል ጠባቂ በማግኘቷ ትንሽ ቀለላት።

ዓርብ ማታ ኮርቢን ትንሽ በላ፤ ሲነጋ አያቱን ጉንጫቸውን ስሞ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደ። ማርዴል ጎተራውን ለሁለት ሰዓት ያህል ከፍታ፣ ከዚያ አባቷን ይዛ መከተል ነበር ዕቅዷ። በዚያ ጠዋት የመጣው ሜርሊን ዶስታል ብቻ ነው። ሜርሊን በዓመት ሦስት ጊዜ ያማታታታል፣ ሦስት ጊዜ ትይዘዋለች፤ ቂም የላቸውም። በቆሎውን አራግፎ ሲመለስ ሚዛኑ ላይ ሳይቆም መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ማርዴል፣ ባዶውን ምን አስመዘነኝ? ያለፈውን ጻፊልኝና ልሂድ። ያው ነው።»

«ያው የሚባል ነገር የለም። ሚዛኑ ላይ ውጣ።»

«መኪናው ያው፣ እኔ ያው።»

«ነዳጅ ይጎድላል፣ ጭቃ ይጨምራል፣ አንተም ቁርስ በልተህ ነው የመጣኸው። ሜርሊን፣ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የሚል ሚዛን ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ነው የሚናገርለት።»

ይህን ለስንት ገበሬ ብላዋለች። ዛሬ ግን ከአፏ ወጥቶ ተመልሶ ጆሮዋ ገባ። መቶ ሰባ አራት። ያው ነው። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም፣ ከአሳማ ጥብሱ ማታ በነጋታውም። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ልቡ የደከመ፣ አንድ ቀን ሾርባ አንድ ቀን ኬክ የሚበላ ሰው፣ ወሩን ሙሉ አንዲት ፓውንድ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

ልጁ ቀልሏል፤ የአያቱን ቁጥር ግን ማን በዓይኑ አየው?

ሚዛኑ ላይ የወጣውን ሜርሊንን ከነመኪናው ትታው ወጣች። «ቁጥሩስ?» ብሎ ጮኸ ከኋላዋ፤ መኪናዋን አስነስታ ነበር።

ኦርቪል ለባብሰው ጠብቀዋታል። የድሮውን የትምህርት ቤት ጃኬት ደርበዋል፤ ዚፑ ግን አልተዘጋም፣ እግራቸው ላይ ያው ነጠላ ጫማ። ከወንበሩ ሲነሱ ትንፋሽ አጥሯቸው እጀታውን ያዙ።

«ቶሎ መጣሽ» አሉ።

«አባዬ፣ ሚዛን ላይ ውጣ።»

«ተመዝኛለሁ። መቶ ሰባ—»

«ሰምቻለሁ። አሁን እያየሁህ ውጣ።»

«እኔ መኪና አይደለሁም፣ ልጄ።»

ማርዴል ተንበርክካ ካልሲውን ሳበችው፤ እንቢ አላት፣ ጎትታ አወጣችው። እግራቸው የሳቸው አይመስልም። አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ የካልሲው ጠርዝ ዙሪያውን ቦይ አውጥቶበታል። አውራ ጣቷን ቅልጥማቸው ላይ ጫን አድርጋ አነሳችው። ጣቷ የነበረበት ጎድጉዶ ቀረ። ሊጥ እንኳ ከዚያ ቶሎ ይመለሳል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሽማግሌው ጣሪያ አዩ። «ከበዓሉ ወዲህ።»

«ሳጥኑን እኔ ነኝ የምሞላው። ባዶውን በዓይኔ አያለሁ።»

«አንቺ ትሞያለሽ፣ እኔ አወጣለሁ፣ ለልጁ እሰጣለሁ። ሳጥኑን ነበር የምታዪው፣ ጉሮሮዬን አይደለም።» ተመልሰው ተቀመጡ፤ ለመናገር ትንፋሽ ፈለጉ። «ትርፍ ነው አልኩት። ሐኪሙ ቀነሰልኝ አልኩት። አትቆጪው፣ አያውቅም።»

ማርዴል መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ወር ሙሉ አሰልጣኝ ስትጠረጥር፣ ቦርሳ ስትበረብር፣ በር ላይ ጆሮ ስትጥል፤ ጠብቅልኝ ብላ ሥጋውን አደራ የሰጠችው ለጅቡ ነበር። መናደድ ፈለገች፤ ተናደደችም። «ልጄን ልትገድለው ነበር» አለች። «ራስህንም። ለምን? ለአንድ ሜዳሊያ?»

«ሜዳሊያ ምን ያደርግልኛል፤ መሳቢያ ውስጥ አለልኝ አይደል።» ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ባሸነፍኩበት ዓመት፣ እናቴ የመጨረሻ ክረምቷ ነበር። ማናችንም አላወቅንም። በየማታው ምግብ ታቀርባለች፣ እኔ አልበላም እላለሁ፤ እሷ ሳህኑን መልሳ ታነሳለች። በጸደይ ሞተች። አንድ እራት አልበላሁላትም ማርዴል። ይሄ ልጅ ጠርሙስ ውስጥ እየተፋ ያንቺን ሳህን ሲገፋ ሳይ ጊዜ አልቻልኩም። በክኒኗ ይብላ፣ ክብደቱም ውስጥ ይግባ አልኩ። እኔ ትንሽ ባብጥ ምን አለበት፣ የት እሄዳለሁ?»

ምን ይባላል እንግዲህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን ለሌላ የሰጠ ሰው ግን ተረትም አልተተረተለት። ማርዴል ሐኪም ቤት ደወለች። ነርሷ ሰምታ ሳትጨርስ «ሁለቱንም አምጫቸው፣ አሁኑኑ» አለች። «ልጁ ውሃ ይጠጣ። ዛሬ እንዳይታገል።»

ሽማግሌው ግን መኪናው ውስጥ ሆነው አሻፈረኝ አሉ። ሐኪም ቤቱም ውድድሩም እዚያው አንድ ጎዳና ላይ ናቸው። «ልጁ ሲመዘን ሳላይ አልገባም። በግድ ካልሽ ተሸከሚኝ፤ ብቻ ከብጃለሁ።»

«እሺ» አለች ማርዴል፣ ቶሎ። አልዋሸችም፤ ልጁ እንደማይታገል ግን አልነገረቻቸውም።

ኮሪደሩ በልጆች ተሞልቷል። ኮፍያቸውን አጥልቀው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ማንም አይስቅም፣ ማንም አያወራም። ዋናው መመዘኛ በሩ ውስጥ ነው፤ ውጭ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸውን የሚፈትሹበት ሌላ ሚዛን ተቀምጧል፣ ከውሃ መጠጫው ቧንቧ አጠገብ። ኮርቢን ከዚያ ሚዛን ላይ እየወረደ ነበር። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ሩብ ፓውንድ ቀረኝ» አለ እናቱን ሲያይ። «ደህና ነኝ። ጊዜ አለኝ።»

«ክኒኑን ማን ነው የሚሰጥህ?»

ልጁ ወደ አያቱ አየ። ዱዌይን ከወዲያ በኩል መጣና ቆመ።

«ትርፍ ነው፣ እማ» አለ ኮርቢን ዝቅ ብሎ። «ሐኪሙ ቀንሶለት ነው። ማንንም አልጎዳሁም።»

«አባዬ፣ ንገረው።»

ኦርቪል ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። «ትርፍ ነው» አሉ።

«አያቴ፣ ትርፍ ነው አይደል?»

«አልኩህ እኮ።»

ማርዴል ሚዛኑን በእግሯ ወደፊት ገፋ አደረገችው፤ ሌላ ነገር አላደረገችም። ኮርቢን ሚዛኑን አየ፣ አያቱን አየ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ላለማወቅ ግን ወር ሙሉ ደክሟል።

«አያቴ» አለ። «ውጣበት።»

«ተው ልጄ፣ ሰው ፊት።»

«ውጣበት።»

ለልጃቸው እንቢ ብለው ነበር፤ ለሱ አልቻሉም። እጁን ይዘው አንድ እግር አወጡ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ሌላውን አወጡ። ግድግዳውን የተደገፉት ልጆች ኮፍያቸውን መልሰው አዩ። ቁጥሩ እየሮጠ ሄደና ቆመ። ኮርቢን በየጠዋቱ በበሩ ውስጥ መቶ ሰባ አራት ሲባል ሰምቷል፤ ከዚያ ገብቶ የራሱን ቁጥር መስታወቱ ላይ ሲጽፍ ከርሟል።

«መቶ ዘጠና ሁለት» ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበው።

አያቱን ደግፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። እናቱ ሳትነግረው ተንበርክኮ ካልሲውን ዝቅ አደረገና እግራቸውን በጣቱ ነካ፣ ከዚያ ጫን አለው። ጎድጓዳውን አየ። እስኪሞላ ጠበቀ፤ አልሞላም። ከውስጥ መዝጋቢው «መቶ ሃያ ስድስት፣ ግቡ» ብሎ ተጣራ፤ ልጆች ተነሱ። «ኩቢቼክ» አለ ደግሞ።

ዱዌይን በሩ ላይ ቆሞ ልጁን አየው። «የለም በለው» አለ ኮርቢን።

«ሩብ ፓውንድ ነው እኮ» አሉ ሽማግሌው። እያለቀሱ ነበር። «ሩብ ፓውንድ ብቻ፣ ልጄ። እኔ ምንም አልሆንም።»

ኮርቢን የራሱ ካልሲ ውስጥ እጁን ከተተና በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። የዛሬዋ ክኒን ነች። ጠዋት ጉንጫቸውን ሲስም ነው የተቀበላት፤ ለመጨረሻው ሰዓት አቆይቷት ነበር። መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላቸው።

«ዋጣት።»

አንስቶ ወደ ቧንቧው ወሰዳቸው። ቁልፉን ተጭኖ ያዘላቸው፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ውሃ ጎነጩ። እሳቸው ቀና ሲሉ ልጁ ጎንበስ አለና ጠጣ። ጠጣ፣ ጠጣ፤ ውሃው በአገጩ እየፈሰሰ ደረቱን አራሰው፤ ቁልፉን ግን አልለቀቀም። ማርዴል ዘላ ልታቅፋቸው ፈልጋ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ስትጠረጥር ኖራ፣ ደስ የሚል ቁጥር ስለሆነ ብቻ የገዛ አባቷን በድምፅ መዝናለች፤ ይህ እስክትሞት ይቆጫታል። ቀረብ ብላ በአባቷ ፊት ቆመች።

«አፍህን ክፈት» አለች።

«ዋጥኩ እኮ።»

«ክፈት አባዬ። ምላስህን አንሳ።»

ከፈቱ። ጎንበስ ብላ ከምላሳቸው ሥር፣ ከጉንጫቸውም ውስጥ በደንብ አየች። ባዶ ነው። ከዚያ በአንድ ክንዷ እሳቸውን፣ በሌላው ልጇን ይዛ፣ ሦስቱም ቀስ እያሉ ወደ መኪናው ወጡ።